እሳት ያየ አፈር

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሽበቴን አይታ አይታ አላስችል ብሏት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት እየጎተተች ወሰደችኝ። ሰርጓ ደርሷል። «አክስቴ፣ በእኔ ሰርግ ላይ አመድ የተነፋባት መስለሽ አትቆሚም» አለችኝ። ሙሽራ ስታዝዝ መታዘዝ ነው ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፀጉር ሠሪዋ ጥፍሯን ያሳደገች ቀጭን ልጅ ናት። አንገቴ ላይ ፎጣ አሰረችልኝ፣ ከአንድ ጠርሙስ የቀዳችውን ነገር ትንሽ ሳህን ላይ በጠበጠችና ብሩሿን ይዛ ወደ ራሴ ጠጋ አለች።

ሽታው አፍንጫዬን ሳይሆን ዓይኔን ነው የመታኝ። ፎጣውን እንዳሰርኩ ተነሥቼ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ የደብረ ብርሃንን ብርድ እንደ ውሃ ጠጣሁት። የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁብኝ፤ እውነታቸውን ነው።

«ምን ሆንሽ? ደም ግፊትሽ ተነሣ?» እያለች የወንድሜ ልጅ ተከትላኝ ወጣች።

«አሞኒያ አለው።»

«ሁሉም ቀለም አለው እኮ! ደግሞ አንቺ የኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ፤ አንድ ናይትሮጂን፣ ሦስት ሃይድሮጂን። ሰሌዳው ላይ ግን አይሸትም። እኔ ያንን ሽታ ያወቅሁት ስሙን ከማወቄ በፊት፣ መንዝ ውስጥ፣ በአንድ ክፉ ክረምት ነው።

አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩበት ዓመት ነበር። ቤታችን ሞላሌ ነው፤ አባቴ ገበያው ዳር ጨውና ቡና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እናታችን ልጆች ሳለን ሞታለች። ታላቅ እህቴን አስካለን እኔ «እታለም» ነው የምላት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ጓሳ ጥግ ላይ ካለች አንዲት መንደር ተድራ ሄዳ ነበር። ሐምሌ ሲገባ እታለም ሴት ልጅ ተገላገለች የሚል መልእክት መጣ። በወጉ ቢሆን አራስ የምትጠብቀው እናት ናት። የእኛ እናት የለችም፤ የእታለም አማት እማማ አየለችም በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ዐርፈው ነበር። ስለዚህ አባቴ ቅቤና የአጃ ዱቄት አስይዞ እኔን ላከኝ።

ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር ማለት አልችልም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እታለም የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ሳይነሣ ቀብራለች። ያልተጠመቀ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ከቅጥሩ ውጭ፣ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጡት፤ እሷም ውሃ ልትቀዳ በሄደች ቁጥር በዚያ በኩል ታልፋለች። አባቴ ሲሸኘኝ ሌላ ምክር አልሰጠኝም። «ይቺን ለሰማንያ ቀኗ አድርሺልኝ» ነው ያለኝ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው።

ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነበር። ሐምሌ መንዝ ላይ ሰማይና ምድር አይለዩም። ጉሙ ይወርድና መንገዱን ይውጠዋል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በረዶው ሲመጣ ደግሞ ራስን በነጠላ ሸፍኖ ጀርባ ሰጥቶ መቆም ብቻ ነው። መንደሯ ስደርስ ከጭስ በቀር ምንም አላየሁም ነበር። በጭሱ ነው ቤቱን ያገኘሁት።

ቤቱ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የወፈረ፣ አንድ በር ያለው፣ መስኮት የማያውቅ። ጣሪያው ግን አዲስ ነበር። ጓሳ በዚያ ዓመት ተከፍቶ ነበር። ጓሳ ያሻው ሰው ማጭድ ይዞ የሚገባበት መስክ አይደለም፤ በአባቶች ሥርዓት ይዘጋል፣ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። የእታለም አማት፣ የባሏ አባት አባባ ጥላዬ ከድርሻቸው ላይ አንዲት ጭብጥ ሳይሸጡ ሣሩን በሙሉ ጣሪያው ላይ ጭነውት ነበር። ረጅም፣ ደረቅ፣ ጢማቸውን የሚያክል ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው፤ ስለዚያ ጣሪያ ሲሆን ግን አፍ ነበራቸው።

«ነይ ግቢ ልጄ። ይኼን ክዳን እይልኝ። ጠብታ አያስገባም፣ ንፋስ አያስገባም። የልጅ ልጄ በብርድ አትሞትብኝም» አሉኝ፤ ገና ጉልበታቸውን ሳልስም።

ልጃቸው፣ የእታለም ባል ግርማ፣ እህል ሊሸምት ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወርዶ ነበር። ቤቱ ውስጥ እሳቸው፣ እህቴ፣ ሕፃኗ፣ አሁን ደግሞ እኔ፤ ከእኛም ሌላ በጎቹ።

ቆላ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። መንዝ ላይ በክረምት በግ ውጭ አያድርም። እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ በጀርባው በኩል አጭር የድንጋይ አጥር ይሠራና በጎቹ እዚያ ያድራሉ፤ ከእነሱ በላይ በጥድ እንጨት የተረበረበ ቆጥ አለ። የበጎቹ ሙቀት ወደ ቆጡ ስለሚወጣ ከቤቱ ሁሉ ምርጡ መኝታ እሱ ነው። ለአራስና ለሽማግሌ ነው የሚሰጠው። እታለምም እንግዳዋን ታቅፋ እዚያ ላይ ነበረች። «እንግዳዋ» የምላት ሕፃኗን ነው። ያለፈው ልጅ ስለሞተባቸው ለዚችኛዋ ስም ማውጣት ፈርተው፣ ዓይን እንዳይገባባት «እንግዳዋ» ይሏት ነበር። «እንግዳዋ ጠባች?» «እንግዳዋ ተኛች?» ይባላል።

መሰላሉን ስወጣ ዓይኔን ቆረቆረኝ። ከበጎቹ ሥር አየሁ። መሬቱ ቀይ ነው፤ የጡብ ቀለም።

«አባባ፣ ይኼ ምን አፈር ነው?»

«እሳት ያየ አፈር ነዋ። ቁንጫ የለበት፣ መዥገር የለበት። አየለች፣ ነፍሷን ይማራትና፣ ያንን ጥቁር መረሬ አፈር ከረግረጉ በጀርባዋ እያመላለሰች፣ በጋውን ፀሐይ ላይ እያሰጣች፣ ክረምቱን ከበጎቹ ሥር እያነጠፈች ቤቱን አፈር ስታደርገው ኖረች። እኔ ግርማን ከማሳው አስጭኜ ንጹሑን አስገባሁ።»

መንዝ ላይ መሬት ሲደክም አፈሩን ያጋዩታል። በበጋ የማሳውን ቆዳ ከነሣሩ ገልብጠው ይከምሩታል፣ በክምሩ ሆድ ውስጥ ኩበት ይከቱና እሳት ይለኩሱበታል። ነበልባል የለውም፤ ለቀናት እየጨሰ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ሲበርድ ጥቁሩ አፈር ቀልቶ፣ ቀሎ፣ እፍ ቢሉት የሚበን ሆኖ ይወጣል። በዚያ ዓመት የሚዘራው ገብስ ጉድ ያሰኛል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመት ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚርበው ግን ዘንድሮ ነውና ያጋዩታል። እሳት የነካው ነገር ንጹሕ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ደግሞ ከዚያ አፈር የተሻለ ምንጣፍ የለም። እኔም ያኔ እውነታቸውን መስሎኝ ነበር።

እኔ የምተኛው ታች፣ በሩ ሥር፣ መደብ ላይ ነበር። ብርዱ ከበሩ ሥር እየገባ እግሬን ይቆረጥመኛል፤ በልቤም እታለምን እቀናባት ነበር። ገንፎውንና አጥሚቱን ይዤ ስወጣ ግን ዓይኔ ያነባል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ስወርድ ይተወኛል። አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ዓይንሽ ለምን ቀላ?»

«ጭስ ነው።»

«ዛሬ እኮ እሳት አላነደድንም።»

«እንግዲያ የትናንቱ ይሆናላ» አለችና ሳቀች። የእሷ ሳቅ ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስትስቅ አልሰማኋትም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። መጀመሪያ የእንግዳዋ ዓይን እዥ ያዘ። በሞቀ ውሃ አጠብኩላት፤ በማግስቱ ተጣብቆ አደረ። ቀጥሎ ማስነጠስ፣ ከዚያ ማሳል መጣ። አባባ ጥላዬ ሳሏን ከታች ሆነው ሰሙ። ወደ ላይ አልወጡም። ክርስትና ሳይነሣ ወንድ አራስ ወዳለችበት አይወጣም፤ የባል አባትማ ጭራሽ ነውሩ ነው። ከታች ቆመው ፊታቸውን ወደ ቆጡ ቀና አድርገው አዳመጡና «ንፋስ ገብቶባታል። በሩን ዝጉት» አሉ።

ዘጋነው። ከበሩ በውስጥ በኩል ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ዝተት ሰቀልን። በድንጋዮቹ መሐል ብርሃን የሚያሳዩ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አባባ ጥላዬ እየዞሩ በእበትና በጨርቅ ወተፏቸው። ሳሉ ባሰ። እሳቸውም ዝተቱ ላይ ሌላ ዝተት ደረቡበት። ጎረቤት እንዳይገባ ከለከሉ፤ የሰው ዓይን አለ ብለው። እሳቸው በሩ ላይ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይውላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያንን ሰውዬ ለዓመታት ስጠላቸው ኖሬ ኋላ ነው የገባኝ፤ ፈርተው ነበር። የሚያውቁት አንድ ጠላት ብርድን ነው፤ እሱ እንዳይገባ በሙሉ ጉልበታቸው ይጠብቁ ነበር።

ዝናቡ አላባራም። በጎቹ ለመሰማሪያ ይወጡና ረጥበው ይመለሳሉ፤ ቀዩ አፈር ሥራቸው ይረጥባል እንጂ የሚጠጣው የለም። ዝተቱን ገልጬ ከውጭ ስገባ ሽታው እንደ ጥፊ ይቀበለኝ ጀመር። ውስጥ ለሚውለው ግን ሽታ አልነበረም። «ምኑ ነው የሚሸትሽ? የሱቅ ልጅ ስለሆንሽ የበግ ሽታ አታውቂም» አሉኝ አባባ ጥላዬ። እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ነገር ደግሞ ክፉ ነው ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ግልገል ሞተ። ስስበው አፍንጫው ላይ ደም የመሰለ ነገር ደርቋል። የተቀሩትን በጎች አየኋቸው፤ ሁሉም ከዓይናቸው ሥር እስከ አፋቸው ድረስ ጠጉራቸው በእንባ ረጥቦ መስመር ሠርቷል። ዝም ብለው ቆመው ያለቅሳሉ። የጎረቤት ሴትዮዋ እማማ ዘነቡ ደጅ ላይ ግልገሉን ስጥል አዩኝና በጎቹንም በበሩ አጮልቀው ተመለከቱ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እንስሳ ሲያለቅስ ለከንቱ አይደለም ልጄ። ያየውን አይቶ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ግልገሉን ከደጅ ትቼ ወደ እታለም ወጣሁ።

ነሐሴ ገባ፣ የፍልሰታ ጾም ተያዘ፤ አንድ ጠዋት የእንግዳዋ ድምፅ ጠፋ። ሳታለቅስ ቀርታ አይደለም። ስታለቅስ አያታለሁ፤ አፏን ትከፍታለች፣ ፊቷ ይጨማደዳል፣ ደረቷ ይሰበቃል፤ ድምፅ የለም። እታለም ጡቷን አፏ ላይ አድርጋ «ጥቢ፣ ጥቢ የኔ እንግዳ» ትላለች፤ የእሷም ድምፅ ሻክሮ ነበር። ሰማንያው ቀን ገና ሩቅ ነው። ሁለታችንም ያንን የአስታ ቁጥቋጦ እያሰብን አንዳችን ለሌላችን አልነገርንም።

የንስሐ አባታቸው መምሬ አክሊሉ ተጠሩ። ካህን አራስ ቤት አይገባም፤ ከደጅ ቆመው ጃንጥላቸውን ይዘው አዳመጡ። ምንም አልሰሙም። «ይቺ ልጅ ሰማንያ ቀን አትጠብቅም። ነፍስ ከምትጠፋ ሥርዓት ይሻር ይሻላል፤ ለዚህም ሥርዓት አለው። አሁኑኑ አምጧት» አሉ። እታለም ገና በቀኗ ላይ ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን መግባት አትችልም። እሷ ቆጡ ላይ ቀረች። የክርስትና እናት እማማ ዘነቡ እንዲሆኑ ተባለና ሕፃኗን እኔ በጋቢ ጠቅልዬ ያዝኳት።

አባባ ጥላዬ ጋቢውን አጥብቀው ጠቀለሉባት፤ እኔ ደግሞ ከመንደሩ ራቅ ስንል ፊቷን ገለጥኩላት። በሕይወት መኖሯን ማየት ፈልጌ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያኑ ከጋራው አናት ላይ ነው። አቀበቱን ጨርሰን ጠርዙ ላይ ስንወጣ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ንፋስ ተቀበለን፤ እርጥብ፣ ስለታም፣ ጥሩ የሣር ሽታ ያለው። እንግዳዋ ተነፈሰች። እንደገና ተነፈሰች፣ አንድ ዓይኗን በግድ ከፈተች፣ ከዚያም ጮኸች። ጩኸቷ ቀጭን ናት፣ የድመት ግልገል የምታሰማው ዓይነት፤ ግን ድምፅ ናት። እማማ ዘነቡ መንገዱ ላይ ተንበረከኩ።

ወለተ ሥላሴ ተብላ ተጠመቀች። ውሃው ሲነካት ደብሩ እስኪያስተጋባ አለቀሰች፤ እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

«አባ፣ ውሃው ሳይነካት በፊት ነው እኮ ያለቀሰችው» አልኳቸው መምሬ አክሊሉን።

ሳቁ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር መንገድም ላይ አለ» አሉኝ።

ልክ ናቸው።

ቤት ስንመለስ እታለም ከቆጡ ላይ እጇን ዘረጋች። እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሳል ቀደማት። ልጅቷን እንደ ታቦት አክብረን ወደዚያው ምርጥ መኝታ መለስናት፤ ዝተቶቹንም መለስናቸው። አሁን ስሟ እንግዳዋ መሆኑ ቀርቶ ወለቴ ሆነ። አባባ ጥላዬ በዚያን ቀን ጠላ ጠጡ፣ ስለ ጣሪያቸውም እንደገና አወሩ።

ሁለት ቀን አልቆየም። ድምፁ ተመልሶ ጠፋ።

ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ነው ያስፈራኝ። ከዚያ በፊት ተስፋ የሚደረግበት ነገር ነበር፤ ሰማንያው ቀን፣ ጥምቀቱ። አሁን ተጠምቃለች። «ከጥምቀት ወዲያ ምን አለ?» አሉ አባባ ጥላዬ ለማንም ሳይሆን። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ። በማግስቱ እማማ ዘነቡን ደጅ ላይ ሲያናግሯቸው ሰማሁ። «ምንም ቢሆን አሁን ቅጥሩ ውስጥ ትገባለች። እንደ ፊተኛው አትጣልም» ይሏቸዋል። ማጽናኛ ፍለጋ ነው። እኔ ግን የሬሳዋን ቦታ ሲመርጡ እንደሰማሁ ነው የቆጠርኩት። ዶማው ከበሩ አጠገብ ተደግፎ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም።

ወደ ውስጥ ገባሁና መሰላሉን ወጣሁ። እታለም ቀና ብላ አላየችኝም። ዓይኖቿ አብጠው መስመር ብቻ ቀርተዋል። ልጅቷን ከእቅፏ ስወስድ አልታገለችም፤ ያ ነው ከሁሉ የከፋኝ። ወርጄ ዝተቱን በትከሻዬ ገፍቼ ስወጣ አባባ ጥላዬ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አጋደሙብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ማድ ቤት። እዚያ ንፋስ አለ።»

«በዚህ ዝናብ? የልጄን ልጅ በብርድ ልትገድዪያት?»

«አባባ፣ ንፋስ ያገኘች ቀን ነው የጮኸችው። እዚያ ላይ ያለው ነገር ነው የሚገድላት። እዚያ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«አማት ነኝ! ነውር ነው!»

«ክርስትናዋ ተነሥቷል። አንድ ጊዜ ይውጡና ይቀመጡ። ምንም ካልሆኑ ይቺን መልሼ አስቀምጣትና በነገታው ሞላሌ እገባለሁ፤ ዓይኔን አያዩትም።»

እንዲያ ብዬ ለሽማግሌ መልሼ አላውቅም ነበር። አባባ ጥላዬ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡ። «ልጄ አስካለ፣ ፊትሽን ሸፍኚ» ሲሉ ሰማሁ፤ መሰላሉ ተንቋቋ።

ደጅ ጣሪያው ሥር ተጠግቼ ቆየሁ። ሳል መጣ፤ ሽማግሌ የሚያስለው ከባድ ሳል፣ የማያቆም። በመሐሉ ድምፃቸውን ሰማሁ። «አየለች እዚህ ነበር የምትተኛው። ዕድሜዋን ሙሉ። እንዲህ አልነበረም።» «እንዲህ አልነበረም እኮ» አሉ እንደገና።

ሲወርዱ እያዩ አልነበረም፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። የቱ የሽታው እንደሆነ፣ የቱ የሚስታቸው እንደሆነ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። «ያንን ጥቁር አፈር ስትሸከም ስቄባታለሁ» አሉ። ከዚያ ማጭዱን ይዘው ደጅ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ተንጠላጥለው ጣሪያው ላይ ወጡ።

የጓሳውን ክዳን በእጃቸው ይነቅሉት ጀመር። እየቆረጡ፣ እየጎተቱ፣ በጭብጥ በጭብጥ ወደ ጭቃው ይጥሉታል። ዝናቡ ይወርዳል። ከተከፈተው ቀዳዳ እንፋሎት ተነሣ፤ እኔ ደጅ ቆሜ እንኳ ዓይኔን ሸነቆጠኝ። ጎረቤቶች እየሮጡ መጡ፤ ሰውዬው ያበዱ መስሏቸው።

«ጥላዬ! ምን ነካህ? ጓሳ መቼ ሊከፈት ነው ብለህ ነው?» ብሎ አንዱ ጮኸባቸው።

«እኔ አላውቅም። የእኔ ቤት ግን ዛሬ ይከፈት» አሉ።

በጎቹን ለጎረቤት አከፋፈልናቸው። እታለምን አውርደን ምድጃው አጠገብ አስተኛናት። ያንን ክረምት ከላይ ዝናብ እየወረደብን፣ ከታች እሳት እያነደድን፣ ሁላችንም ታች ተኮልኩለን አሳለፍነው። ወለቴ ዳነች። የግራ ዓይኗ ግን ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጋርዶት ቀረ፤ በዚያ ዓይኗ አታይም። ግርማ ከቆላ ሲመለስ ያንን ቀይ አፈር ጠርጎ ከመንደሩ ውጭ ጣለው። በበጋው አባባ ጥላዬ ራሳቸው ከረግረጉ መረሬ እየቆፈሩ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ሰው አያቸው፤ የሳቀባቸው አልነበረም።

ኮሌጅ ገብቼ ነው ነገሩን ያወቅሁት። ጥሬ የሸክላ አፈር እንዲሁ ድፍን አይደለም፤ በዓይን በማይታይ ቅጠል የተነባበረ ነው፤ ቅጠሎቹም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። ከሽንት የሚነሣው አሞኒያ እርጥበት ሲያገኝ አዎንታዊ ሙል ይይዛል፤ አፈሩም ይስበዋል፤ በቅጠሎቹ መሐል አስገብቶ ይይዘዋል። የእማማ አየለች ጥቁር አፈር ክረምቱን ሙሉ ያንን ሲይዝ ይከርምና፣ ማሳ ላይ ሲበተን ለገብሱ በጥቂት በጥቂቱ ይለቅለታል። አፈሩ በእሳት ሲጋይ ግን ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ፣ በሩ ይዘጋል። ድስት ተሰብሮ ቢፈጭ ጭቃ አይሆንም፤ ነገሩ ያው ነው። ደግሞ ቀዩ አፈር አመድ ስላለበት የተያዘውንም ያስለቅቃል። የተለቀቀው ከአየር ይቀላልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ቆጡ። ይህን ፈተና ላይ ስጽፍ አስተማሪው ሙሉ ማርክ ሰጠኝ። ወረቀቱን ይዤ ከክፍል ወጥቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ከፀጉር ቤቱ እንደተመለስኩ ለወለቴ ደወልኩላት። ሞላሌ ናት፤ በርኖስና ብርድ ልብስ ትነግዳለች፣ ልጆች ወልዳለች። እናቷ እታለም ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ። ወለቴ ገና ልጅ ሳለች፣ በሳል ነው የሞተችው። ሞላሌ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ኖረው አንድ ቀን ዳገት ላይ ተቀመጠችና አልተነሣችም። ሳንባ ነው አሉ፤ ምች ነው ያሉም ነበሩ።

«ዓይንሽ እንዴት ነው?» አልኳት ለወለቴ።

«ደኅና ነው። ሁልጊዜ ዓይኔን ነው የምትጠይቂኝ» ብላ ሳቀች። የሆነውን ነገርኳት፤ ፎጣውን፣ ሽታውን፣ የባጃጆቹን ሳቅ። አብራኝ ስትስቅ ቆየች።

«አክስቴ፣ እኔን ለክርስትና ይዘሽኝ የሄድሽ ለታ እናቴ የት ነበረች?»

«ቆጡ ላይ።»

«እኔን ይዘሽኝ ደጅ ስትወጪስ?»

«እዚያው ነበረች።»

«መጀመሪያ የወለድኩ ጊዜ ነው ይኼ ነገር ትዝ ያለኝ። የእኔን ልቅሶ ሁላችሁም ታዳምጡ ነበር አይደል? የእሷን ሳልስ ማን አዳመጠላት?» አለችኝ፤ እንደ ወቀሳ አይደለም፤ ልጆቿ ከኋላ ሲጫወቱ ይሰማኝ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪኩን ስናገር ሕፃኗ የዳነችበት ክረምት ነው የምለው። ሰውም ሲሰማ ዓይኗን ይጠይቀኛል፤ ተርፋለች እላለሁ። እታለምን ግን ያ ክረምት ይገድላት ዘንድ ዓመታት ፈጀበትና ማናችንም ከእሱ አልቆጠርነውም። ልጅቷን እንጠብቅ ብለን ዝተት በዝተት ላይ ስንደርብ፣ በሩን የዘጋነው በሁለት ሰው ላይ ነበር።